የልጅ ልጅዎ ሰፊ ሌንስ ሊገዛ ነው? መጀመሪያ በእጅዎ ይያዙት

በስግድ ዕለት አርሞን ሀነጺብ ላይ ቄሶቹን ከነጥላቸው፣ ሕዝቡንም ከነሙሉው በአንድ ፎቶ ላስገባ የሚል ወጣት ወደኋላ የሚሸሽበት ቦታ አያገኝም። ስለዚህ እጅግ ሰፊ የሚያይ ዙም ሌንስ ይፈልጋል። ልጆቹ በዕብራይስጥ «ዓዳሻ» ይሉታል፤ ምስርም በዚሁ ስም ነው የሚጠራው፣ ቅርጹ ስለሚመሳሰል። ዋጋው ግን የምስር አይደለም! ብዙ ሺህ ሸቀል የሚያወጣ አለ። ታዲያ ብዙዎቹ ያገለገለ ይፈልጋሉ፤ ገንዘብ ሲጎድላቸው ደግሞ ወደ አያት ይመጣሉ።

«ከባድ ከሆነ ጠንካራ ነው» ሲባል ትሰማላችሁ። ግማሹ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የኒኮን 14-24 ሚሊሜትር አንድ ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ከካሜራው ጋር በሚገጥምበት በኩል አቧራና ጠብታ የሚከለክል ጎማ አለው። በ2014 የወጣው የካነን 10-18 ግን 240 ግራም ብቻ ነው፤ የሚገጥምበት ቀለበት ራሱ ፕላስቲክ ነው፣ ጎማም የለውም። እኔ ለጀማሪ ይሄን ፕላስቲክ አልንቀውም። ቀኑን ሙሉ አንገት ላይ ሲንጠለጠል አያደክምም፣ በጥንቃቄ ለያዘውም ዓመታት ያገለግላል። የኒኮኑ የፊት መስታወት እኮ እንደ እንቁላል ወደ ውጭ ያበጠ ነው፤ መከላከያ ፊልተር ፊቱ ላይ አይጠመድበትም፣ ከተቧጨረም ጥገናው ውድ ነው። ሥራው ነፋስና አቧራ ያለበት ሜዳ ላይ ከሆነ ግን ጎማው ዋጋ አለው። ውኃ ውስጥ ይነከራል ማለት ግን አይደለም።

ዋናው ነገር ከውጭ አይታይም። በሁለቱም ሌንሶች ውስጥ 14 መስታወቶች ተደርድረዋል። ሌንሱ አንዴ ወድቆ ከመካከላቸው አንዱ በፀጉር ያህል ከተዛነፈ የፎቶው አንድ ጎን ይደበዝዛል። ሰፊ ሌንስ ላይ ይሄ ጎልቶ የሚታየው ዳር ዳሩን ነው። በሠርግ ፎቶ ዳር ላይ የሚቆሙት እነማን ናቸው? ከሩቅ ከተማ የመጡ አክስት፣ ዘግይተው የደረሱ አጎት። በካሜራው ትንሽ መስኮት ደህና ይመስላሉ፤ ፎቶው ታትሞ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ነው ፊታቸው የማይለየው። ሠርጉን ደግሞ ማን ይደግመዋል?

ስለዚህ ያገለገለ ሲገዛ አብረውት ይሂዱ። የዙሙን ቀለበት ራስዎ ያዙሩት፦ ከዳር እስከ ዳር እኩል መዞር አለበት፤ እንደ አሸዋ ከተንኮሻኮሸ ይተውት። ብሎኖቹ ላይ የመፍቻ ጭረት ካለ ተከፍቶ ነበር ማለት ነው፤ ለምን እንደተከፈተ ይጠይቁ። ትንሽ መንቀጭቀጭ ብቻውን አያስደንግጥዎ፤ እንደ ካነኑ የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያረጋጋ መሣሪያ ያለበት ሌንስ ሲነቀነቅ ድምፅ ሊያሰማ ይችላል። ውስጡ አንድ ሁለት ብናኝ ቢታይም ፎቶውን አያበላሽም፤ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ሻጋታ ግን ያበላሻል።

ከዚያ ልጁ የድንጋይ ግንብ ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ ይቁምና ሌንሱን እስከ መጨረሻው አስፍቶ ያንሳ። ፎቶውን መስኮቱ ላይ አጉልቶ የግራውንና የቀኙን ዳር ድንጋዮች ያስተያይ። አንዱ ወገን ጥርት ብሎ ሌላው ከደበዘዘ፣ ወይም ሻጩ «ምን ያስፈልጋል?» ብሎ ማስሞከር ካልፈለገ፣ ገንዘቡን ወደ ኪስዎ ይመልሱት።