ዕዳ እንጂ ዳረጎት አይደለም
ከጦር ሜዳ ለተመለሰ ዘማችና ለቤተሰቡ የሚከፈለው ገንዘብ ሕዝብ ያለበት ዕዳ እንጂ ዳረጎት አለመሆኑን፣ ይህም ዕዳ ያለ ተደራጀ ጥያቄ እንደማይከፈል፣ የአሜሪካ ዘማቾች ታሪክ በሚገባ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ1924 የወጣው ሕግ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ላገለገሉት በቀን 1 ዶላር፣ ባሕር ተሻግረው ለዘመቱት 1.25 ዶላር እንዲታሰብላቸው ደነገገ። አብዛኞቹ ገንዘቡን የሚቀበሉት ግን በ1945 ነበር! የተራበ ቤተሰብ እስከዚያ ይቆያልን?

ሥራ አጥነት በተስፋፋበት በ1932፣ 17,000 ያህል ዘማቾች፣ ብዙዎቹም ከነሚስትና ከነልጆቻቸው፣ ዋሽንግተን ላይ ሰፈሩ። የተሰጣቸው መልስ ታንክና አስለቃሽ ጢስ ሆነ። ገንዘቡ እንዲከፈል የተወሰነው በ1936፣ ምክር ቤቱ የፕሬዚዳንት ሩዝቬልትን ተቃውሞ ሽሮ ነው።

የ1944ቱ ሕግ የትምህርት ወጪን፣ የቤት ብድር ዋስትናንና ለሥራ አጦች በሳምንት 20 ዶላርን በማካተቱ ታላቅ እርምጃ መሆኑ አይካድም። ሆኖም ብድሩን የሚሰጡት የየአካባቢው ባንኮች ስለ ነበሩ፣ በደቡብ ግዛቶች ጥቁሩ ዘማች አብዛኛውን ጊዜ በሩን ተዘግቶ አገኘው።

ከሁሉም ይበልጥ የሚያስቆጨው የባልቴቲቱ ጉዳይ ነው። ጡረተኛው ወታደር ከጡረታው እያስቆረጠ ከሞቱ በኋላ ለሚስቱ የሚከፈል አበል ያዘጋጃል። ሞቱ ከአገልግሎቱ ጋር የተያያዘ ከሆነ መንግሥት ለብቻው ካሣ ይከፍላታል። ነገር ግን የካሣው መጠን፣ ዶላር በዶላር፣ ባሏ ከከፈለበት አበል ላይ ይቀነስ ነበር፤ ለሟች ባል ገንዘቡን እንደ መንጠቅ ይቆጠራል። ባልቴቶቹ ተደራጅተው ለብዙ ዓመታት ከጮኹ በኋላ ቅነሳው ፈጽሞ የቀረው በጥር 2023 ነው። ያለፉት ዓመታት አበል ግን አልተመለሰላቸውም።