አራት ኮከብ ሽልማት አይደለም (ለቃሊቲና አካባቢው ሆስቶች)

ማታ አንድ የአከራዮች ግሩፕ ላይ «አራት ኮከብ የሰጣችሁን እንግዳ ሰፖርት ደውላችሁ አስጠፉበት፤ እምቢ ካሉ እናንተም ዝቅ አድርጋችሁ ስጡት» የሚል ምክር አየሁ። ላይኩ ደግሞ ብዛቱ! ሰው ሳያውቅ ለምን ያስተምራል? የማወራው ስለ ኤርቢኤንቢ ነው፤ ቡኪንግ ከ10 ስለሆነ ሌላ ጉዳይ ነው።

1. የእንግዳውን ሪቪው እናንተ፣ የእናንተን እሱ የምታዩት ሁለታችሁም ስትጽፉ ወይም ከወጣ 14 ቀን ሲሞላ ነው። «አይቶ ይበቀለኛል» ብሎ ቤት ያበላሸን ሰው ማሞገስም፣ ቀድሞ መምታትም ዋጋ የለውም።

2. ሪቪው የሚነሳው ደንብ ሲጥስ ነው፦ ማስፈራሪያ፣ ስድብ፣ ከቆይታው ጋር የማይገናኝ ወሬ። «አልተስማማሁም» ምክንያት አይሆንም። በአደባባይ ለመመለስ ግን 30 ቀን አላችሁ። አጭርና ጨዋ ይሁን፤ የሚያነበው ቀጣዩ እንግዳ ነው።

3. ሂሳቡ። ለሱፐርሆስት ከሚጠየቁት አንዱ 4.8 አማካይ ነው። አንድ አራት ኮከብ ከገባባችሁ እዚያ ለመድረስ አራት ሙሉ አምስት ይፈልጋል። ሦስት ከሆነ ዘጠኝ። አንድ ከሆነ አሥራ ዘጠኝ! ደምራችሁ አካፍሉት።

የኛ ሰው ግን ከመቶ 80 ያመጣ ልጅ ይሸለማል ብሎ ነው የሚያስበው። ከዋሽንግተን የመጡ አንዲት እናት ቡናዬን ጠጥተው፣ መርቀውኝ፣ አቅፈውኝ ሄዱ። አራት ኮከብ! ብጠይቃቸው «ውይ ልጄ፣ አምስትማ ለፈጣሪ ነው» አሉኝ። ምን ይመለሳል?

4ም፣ 5ም፣ 6ም ሎኬሽን ነው። እንግዳው ካርታ አይቶ፣ ቃሊቲ የሚለውን አንብቦ፣ ከቦሌ ስለሚረክስ ይይዛል። ሲወጣ «ከቦሌ ይርቃል» ብሎ ኮከብ ይቆርጣል። ወንድሜ፣ ቦሌ የፈለገ ቦሌ አይከራይም? እኔ ጋ የሚያድረው ጉምሩክ ጉዳይ ያለው ነው፤ በጠዋት በቱሉ ዲምቱ አድርጎ በፍጥነት መንገዱ ወደ አዳማ የሚወጣው ነው። ለእሱ የሚርቀው ቦሌ ነው!

ደግሞ ይህን ስሙ፦ የሎኬሽን፣ የንጽህና፣ የዋጋ ኮከቦች ተደምረው አጠቃላዩን አይሰጡም። አጠቃላዩ ለብቻው ይጠየቃል። ሎኬሽን ላይ ሦስት አይታችሁ ቤት አትዝጉ። የሚጎዳው በርቀቱ ተናዶ አጠቃላዩንም ሲቀንስ ነው፤ መድኃኒቱ ደግሞ ሁሉንም አስቀድሞ መጻፍ ነው። መብራት ይጠፋል? ጻፉ። ነፋስ ሲዞር የፍሳሽ ማጣሪያው ሽታ ይመጣል? ጻፉ። ቅር የሚለው ሳይይዝ ይቅር።

ውሃማ አታንሱብኝ። ከአቃቂ ጉድጓዶች ስንቱ የአዲስ አበባ ሰፈር ይጠጣል፣ እኛ እዚሁ አጠገባቸው በፈረቃ ሮቶ እንሞላለን። ፀጉሩን ሳሙና ቀብቶ ውሃ የሄደበት እንግዳ ኮከቡን የሚቆርጠው ከእኔ ነው፣ ውሃውን ከዘጋው አይደለም።

ቢሮዎቹስ? የቤት ኪራይ አዋጁ 1320/2016 ውል ቢያንስ የሁለት ዓመት ይሁን ይላል፤ ዓመት ከዓመት ለሚኖር ተከራይ እሰየው። እኔ ግን ሕጋዊ ልሁን ብዬ ስሄድ አንድ መስኮት ሦስት ሌሊት ለሚያድር እንግዳ ይህንኑ ውል አምጪ አለኝ። ቀጣዩ መስኮት «ፔንሲዮን ነሽ፣ ንግድ ፈቃድ» አለ። ንግድ ፈቃድ ጋ ስሄድ «መኖሪያ ቤት ነው፣ እኛን አይመለከትም»።

ይህን የጨረሰ ካለ የትኛው መስኮት እንደሆነ ኮሜንት ላይ ይጻፍልኝ። ፎቶ ኮፒው ብቻ የአንድ ሌሊት ኪራይ በልቷል።