ተጨማሪ ነጥብ የሚያስገኙ ተግባራት፦ ለጀማሪ የጂኦሎጂ ተማሪዎች

የጂኦሎጂ መግቢያ ትምህርት ለብዙ ተማሪዎች የማዕድናትና የአለቶች ስም ዝርዝር የሚሸመደድበት ክፍለ ጊዜ መስሎ ይታያል። በፈተና ውጤቱ የወረደበት ተማሪ ከመምህሩ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ተጨማሪ ነጥብ። መምህራንም ይህን ዕድል ብዙ ጊዜ ይሰጣሉ። ይሁን እንጂ ከመጽሐፍ ወይም ከኢንተርኔት ተገልብጦ የሚቀርብ ጽሑፍ ነጥቡን ቢያስገኝ እንኳ ለቀጣዩ ፈተና የሚሆን ዕውቀት አያተርፍም። ተጨማሪ ተግባር ዋጋ የሚኖረው ተማሪው በዓይኑ አይቶና በእጁ ዳስሶ ያገኘውን በማስረጃ ሲያስረዳ ነው።

ለዚህ ዓይነቱ ትምህርት የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ምቹ አገር ናት። ተራሮቿን የሸፈነው ዕፅዋት ጥቂት በመሆኑ አለቱ ተገልጦ ይታያል። ከዚህ ቀጥሎ የቀረቡት አራት ተግባራት ብዙ ወጪ የማይጠይቁና ማንኛውም ጀማሪ ሊያከናውናቸው የሚችሉ ናቸው።

የመጀመሪያው አንድን ተራራ አይቶ በእጅ መሣል ነው። በአል ዓይን ከተማ አጠገብ የሚገኘው ጀበል ሐፊት ከባሕር ጠለል ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ሲኖረው በአብዛኛው ከኖራ ድንጋይ የተሠራ ነው። በአለቱ ውስጥ ሳንቲም የሚመስሉ የጥንት የባሕር ፍጥረታት ቅሪተ አካላት መገኘታቸው ስፍራው በአንድ ወቅት በባሕር ተሸፍኖ እንደነበር ይመሰክራል። ንብርብሮቹ በተራራው በአንደኛው ጎን ወደ ምሥራቅ፣ በሌላው ጎን ደግሞ ወደ ምዕራብ ያዘነብላሉ፤ ይህም ጠፍጣፋ የነበረው አለት ከጎን በመጣ ግፊት እንደ ምንጣፍ ወደ ላይ መታጠፉን ያሳያል። ተማሪው ፎቶግራፍ ብቻ ከማንሣት ይልቅ ንድፉን በእርሳስ እንዲሥል ይመከራል፤ የሚሥል ሰው የትኛው መስመር የአለት ንብርብር፣ የትኛው ደግሞ ስንጥቅ እንደሆነ ለመለየት ይገደዳልና።

ሁለተኛው ተግባር ሁለት ተራሮችን ማነጻጸር ነው። የራስ አል ኸይማ ተራሮች በአብዛኛው ግራጫ የኖራ ድንጋይ ናቸው። በሐታና በፉጄራ በኩል የሚታዩት ጠቆር ያሉ ተራሮች ግን ከውቅያኖስ ወለልና ከሥሩ ካለው ማንትል የመጡ አለቶች ናቸው። ከ90 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ገደማ በዓረቢያ ምድር ጠርዝ ላይ ተገፍተው የወጡት እነዚህ አለቶች እስከ ኦማን ድረስ የሚዘልቁ ሲሆን፣ በዓለም ላይ ከሚገኙት መሰሎቻቸው መካከል በስፋታቸውና በግልጽ በመታየታቸው ቀዳሚውን ስፍራ ይይዛሉ። ተማሪው የሁለቱን አለቶች ቀለም፣ ክብደትና የቅንጣት መጠን በሠንጠረዥ አስፍሮ ልዩነቱ ከምን እንደመጣ ማብራራት ይችላል። በሻርጃ እ.ኤ.አ. በ2020 የተከፈተው የቡሐይስ ጂኦሎጂ ፓርክም ይህንኑ ታሪክ ለጎብኚዎች ያስረዳል።

ሦስተኛው ተግባር መኪና ለሌለው ተማሪ የተመቸ ነው። ከባሕር ዳርቻና ከበረሃ አንዳንድ እፍኝ አሸዋ ወስዶ በአጉሊ መነጽር ማየት፣ ከዚያም ጥቂት ኮምጣጤ ጠብ ማድረግ ብቻ ይበቃል። የዛጎል ስብርባሪ የበዛበት አሸዋ አረፋ ያወጣል፤ ኳርትዝ የበዛበት ግን ብዙም ለውጥ አያሳይም። የበረሃው አሸዋ መቅላት ቅንጣቶቹን ከሸፈነው የብረት ኦክሳይድ የመጣ ነው። በዚህ ቀላል ሙከራ ተማሪው አሸዋ ሁሉ አንድ አለመሆኑን፣ እያንዳንዱም የመጣበትን ስፍራ ምልክት ይዞ እንደሚገኝ ይረዳል።

አራተኛው ለአንድ ወር የመሬት መንቀጥቀጥ መዝገብ መያዝ ነው። ተማሪው የዓለም አቀፍ ተቋማትን ይፋ መረጃ ተጠቅሞ በአካባቢው የደረሰውን እያንዳንዱን መንቀጥቀጥ ቀን፣ መጠንና ጥልቀት በካርታ ላይ ያስቀምጣል። ነጥቦቹ በዓረቢያ መሐል ጥቂት ሆነው በኢራን የዛግሮስ ተራሮች፣ በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል ሲደረደሩ የዓረቢያ ፕሌት ድንበር በራሱ ይገለጣል። ፕሌቱ በሰሜን ምሥራቅ ከኢራን ጋር ይጋፋል፤ በደቡብ ምዕራብ ደግሞ ከአፍሪካ ይርቃል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2013 በደቡብ ምሥራቅ ኢራን የደረሰው ብርቱ መንቀጥቀጥ በኤምሬትስ ከተሞችም ተሰምቶ ነበር።

ይህ ካርታ ለኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ልዩ ትርጉም አለው። ዓረቢያ ከአፍሪካ የምትለይበት ስንጥቅ በአፋር ከምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆ ጋር ይገናኛል። እ.ኤ.አ. በ2005 በአፋር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ምድር በቀናት ውስጥ ተከፍሏል፤ በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ በአዋሽና በፈንታሌ አካባቢ የተደጋገመው መንቀጥቀጥም በርካታ ሰዎችን ከቀያቸው አፈናቅሏል። ስለ ዘመዶቻቸው ደኅንነት በስልክ ሲጠይቁ ለነበሩ ወላጆች ልጃቸው በካርታ ላይ የሚያሳያቸው መስመር የዚያን ጭንቀት መንስኤ የሚያስረዳ ይሆናል።

ለመስክ ሥራ ሲወጡ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጉዞው በቀዝቃዛው ወራት፣ ከጓደኛ ጋርና በቂ ውኃ ይዞ ቢሆን ይመረጣል። በዝናብ ጊዜ ወደ ሸለቆዎች መቅረብ አደገኛ ከመሆኑም በላይ በአገሪቱ ሕግ ያስቀጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው ደንብ መሠረት በዝናብ ወቅት በሸለቆዎችና በግድቦች አጠገብ መሰባሰብ 1,000 ድርሃም የሚያስቀጣ ሲሆን፣ ጎርፍ ወደሞላበት ሸለቆ በመኪና መግባት ደግሞ 2,000 ድርሃም ያስቀጣል። በጥበቃ ሥር ካሉ ስፍራዎች ቅሪተ አካልና ድንጋይ ማንሣት ተገቢ አይደለም፤ ማስታወሻና ፎቶግራፍ ይበቃል።

በመጨረሻም የሚቀርበው ሪፖርት ቀኑን፣ ቦታውን፣ መጠንን የሚያሳይ መለኪያ ያለበትን ንድፍ፣ እንዲሁም የታየውንና የተገመተውን ለየብቻ የያዘ ሊሆን ይገባል። «ድንጋዩ ግራጫ ነው፤ ኮምጣጤ ሲነካው አረፋ ያወጣል» የሚለው ምልከታ ነው፤ «በባሕር ውስጥ የተሠራ ነው» የሚለው ደግሞ ማስረጃ የሚፈልግ ድምዳሜ ነው። ይህን ልዩነት የተገነዘበ ተማሪ ከጥቂት ነጥቦች በላይ አትርፏል፤ በፈተና ያላየው አለት ቢቀርብለት እንኳ ከየት መጀመር እንዳለበት ያውቃል።