ወጨጫ ላይ ጀንበር ስትወጣ

አዲስ አበባ ሆኖ ማታ ወደ ምዕራብ ያየ ሁሉ ወጨጫን ያውቀዋል። ከአየር ጤና ወይም ከጦር ኃይሎች በኩል አሻግረው ሲያዩት ጀንበር የምትጠልቅበት፣ ክረምት ላይ ደመና ተኝቶበት የሚውለው ያ ረጅም ጠቆር ያለ ተራራ ነው። ከግርጌው በደቡብ ምሥራቅ ሰበታ፣ በሰሜን ምሥራቅ ደግሞ ቡራዩ ተቀምጠዋል። ከተሜው ማታ ማታ ሲያየው ኖሯል። ማለዳ እላዩ ላይ ቆሞ ከተማዋን ቁልቁል ያየ ግን ብዙ አይደለም። ይህ ያሳዝነኛል፤ አዲስ አበባ እንዴት እንደተቀመጠች፣ ውሃዋ ወዴት እንደሚወርድ፣ እንጨቷ ከየት እንደመጣ ከወጨጫ ጫፍ በአንድ ንጋት የሚታየውን ያህል የሚያሳይ ቦታ አላውቅም።

ወጨጫ ከባሕር ወለል በላይ 3,391 ሜትር ይደርሳል፤ ከእንጦጦም ይበልጣል። ዛሬ ጭር ብሎ ቢታይም አሮጌ እሳተ ገሞራ ነው። ከሦስት እስከ አምስት ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ በተዘረጋ የመሬት ስንጥቅ ላይ ተከታትለው ከፈነዱት ተራሮች አንዱ ሲሆን፣ ከሰበታ ወደ ምሥራቅ የሚታየው ፉሪና ከከተማዋ ማዶ ያለው የረር የዚያው ቤተሰብ ናቸው። አዲስ አበባ በእነዚህና በእንጦጦ መካከል ባለው ገበታ መሬት ላይ ነው የተዘረጋችው። ካርታ ላይ ይህን ማንበብ ቀላል ነው። በዓይን አይቶ መረዳት ግን ከፍ ብሎ መቆምን ይጠይቃል።

ብዙ ሰው ወጨጫንና መናገሻን ያምታታቸዋል። መናገሻ ተራራ በሆለታ መንገድ በኩል ለብቻው የቆመ፣ ከወጨጫ ያነሰ ኮረብታ ነው። የመናገሻ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ያለችው እዚያ ሲሆን፣ የጥንት ነገሥታት ዘውድ ይጭኑበት ነበር የሚለው የቃል ታሪክም የሚነገረው ስለዚያ ነው። የወጨጫን ምዕራባዊ ወገብ የሸፈነው ታላቅ ደን ግን መናገሻ ሱባ ይባላል።

ስለ ደኑ ረጋ ብሎ ማውራት ይገባል፤ ተራራው ዛሬም ተራራ የሆነው በደኑ ነውና። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም የነገሡት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ የተራራውን መራቆት አይተው ከሰሜን ሸዋው ወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው አስተከሉ። ታሪኩ እንዲህ ሲወርድ ሲዋረድ መኖሩ ራሱ ሰዉ ይህን ደን የተተከለና የተጠበቀ አድርጎ እንጂ እንዲሁ የበቀለ አድርጎ እንዳላየው ያሳያል። ከብዙ ዘመን በኋላ ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ እንጦጦ ከመውጣታቸው በፊት ወጨጫ ላይ ከትመው ነበር። ቀጥሎ እንጦጦ ተቆረቆረ፤ በ1879 ዓ.ም አዲስ አበባ ተመሠረተች፤ ምኒልክም ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም እንጦጦ ማርያም ላይ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ጫኑ። አዲሲቱ ከተማ ግን እንጨት በላች። የእንጦጦ ጽድ ለቤት፣ ለአጥርና ለማገዶ አለቀ፤ የሰዉ ዓይን ወደ መናገሻ ሱባ ዞረ። የእንጨቱ እጦት እስከዚያ ድረስ ከፍቶ ስለነበር ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ግንባታ ተጀምሮ ነበር። በኋላ የተተከለው ባሕር ዛፍ ፈጥኖ በማደጉ አዲስ አበባ ከቦታዋ ሳትነቀል ቀረች። እንጦጦ ዛሬ በባሕር ዛፍ ተሸፍኖ ወጨጫ ጽዱን ይዞ የቀረው ምኒልክ ደኑን የመንግሥት አድርገው ስላስጠበቁት ነው። እኔ ይህን ከዘመኑ ትልልቅ ውሳኔዎች መካከል አስቀምጠዋለሁ።

አሁን ወደ ጉዞው። ደኑን የሚያስተዳድረው የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ድርጅት ነው። ከሰበታ አልፈው ከጅማ መንገድ ወደ ቀኝ ሲታጠፉ የሚደርሱበት ሱባ የደኑ ጽሕፈት ቤት ያለበት ስፍራ ነው። ማለዳ ጫፍ ላይ መገኘት የሚፈልግ ሰው በዋዜማው ሱባ መጥቶ፣ ፈቃድ ጨርሶ፣ ድንኳን ተክሎ ቢያድር ይሻለዋል። መንገዱን የሚያውቅ የአካባቢው ሰው ሳይዙ በሌሊት መነሣት አይገባም። ደኑ ነብርና ጅብ አለው፤ ጭጋግ ሲወርድም የቀን መንገደኛውን ሳይቀር ያሳስታል። የአካባቢውን ጸጥታ አስቀድሞ መጠየቅም የጉዞው አንድ ክፍል ነው። ለመውጣት በደኅና እግር ሦስት ሰዓት ያህል ስለሚወስድ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ መነሣት ይበጃል።

የመጀመሪያው መንገድ በጽድ፣ በዝግባና በወይራ ሥር ነው። በጨለማ ዛፉ አይታይም፤ ግን ይሸታል። በተለይ ጤዛ የነካው ጽድ ሽታው የተለየ ነው። ጎሕ ከመቅደዱ በፊት ከጨለማው ውስጥ ጎርናና፣ የሚንከባለል ድምፅ ይነሣል። አዲስ ሰው ይደነግጣል። ጉሬዛ ነው። አውራው ጉሬዛ ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል ያለበትን ለሌላው መንጋ ያስታውቃል፤ ያኛው ከማዶ ይመልሳል፤ ድምፁም ከሸለቆ ሸለቆ እየተቀባበለ ደኑን ይዞራል። በቀን ተከብሮ የሚታየው ያ ነጭ ካባ ለባሽ እንስሳ በሌሊት እንዲህ መሆኑን ያወቅሁት ወጨጫ ላይ ነው። በአገራችን ብቻ የሚገኘው የምኒልክ ድኩላም እዚህ አለ፤ እሱ ግን ድምፅ ሰምቶ ቀድሞ ይሰወራል።

ከፍ ሲሉ ዛፉ ይለወጣል። ጽዱ ይሳሳል፤ ኮሶ ይመጣል፤ ቀጥሎ አስታና አምጃ ይነግሣሉ፤ ነፋሱም ፊት ለፊት ይመታል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ ጫፉ ከሰበታ ከተማ በዚያው ልክ ይበርዳል። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ሣሩ ላይ ውርጭ ማየት ብርቅ አይደለም። ላብ ያረጠበውን ልብስ የሚቀይሩበት ደረቅ ሹራብና ጋቢ ያልያዘ ሰው ንጋቱን ሳይሆን ብርዱን ሲያስታውስ ይኖራል።

ፀሐይ በአዲስ አበባ አካባቢ የምትወጣበት ሰዓት በዓመት ውስጥ ብዙ አይዋዥቅም። ቀደም ስትል ግንቦት መጨረሻ ላይ ከንጋቱ 12 ሰዓት ካለፈ ጥቂት ደቂቃ፣ ስትዘገይ ጥር መገባደጃ ላይ 12 ከ50 አካባቢ ናት። የምትወጣበት አቅጣጫ ግን ይንሸራተታል። ክረምት ሲገባ ወደ እንጦጦ ቀኝ ትጠጋለች፤ በታኅሣሥ ደግሞ ከየረርም ወደ ደቡብ ታልፋለች። በጥቅምትና በየካቲት የምትወጣው ከየረር አካባቢ ነው። ለእኔ ጥቅምት ከሁሉም ይበልጣል። ክረምቱ አየሩን አጥቦ ስለሚሄድ አቧራው ገና አልተነሣም፤ አደይ አበባውም ከግርጌው ሙሉ በሙሉ አልረገፈም።

ሰማይና ምድር ሲላቀቅ ሁሉም ወደ ምሥራቅ ያያል። እኔ ግን ዞር ብሎ ምዕራብንም ማየትን እመክራለሁ። ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት በሆለታ በኩል ከአድማሱ በላይ ጠቆር ያለ ሰማያዊ መቀነት፣ ከእሱም በላይ ቀላ ያለ ሌላ መቀነት ይታያል። ጠቆር ያለው ምድር ራሷ በአየሩ ላይ የጣለችው ጥላ ነው፤ ሌሊቱ ሲሸሽ በዓይን የሚታየው በዚህ ነው። ፀሐይ ብቅ ስትል ደግሞ የወጨጫ ጥላ በማሳው ላይ ተዘርግቶ ሾጣጣ ሆኖ ይታያል። የተራራው ቅርጽ ሾጣጣ ስለሆነ አይደለም። ጥላው እጅግ ረጅም ስለሆነ፣ ቀጥ ያለ መንገድ ሩቅ ላይ እየጠበበ እንደሚሄድ ሁሉ የጥላውም ጠርዞች እየተቀራረቡ የሚሄዱ ይመስላሉ። በስሪላንካ 2,243 ሜትር ከፍታ ባለው ስሪ ፓዳ ተራራ ላይ ብዙ ሺህ ምዕመናን በሌሊት ደረጃ ወጥተው ይህንኑ ጥላ ያያሉ። የእኛው ከአዲስ አበባ ቅርብ ሆኖ ሳለ የሚያየው ጥቂት ነው።

ብርሃኑ ሲሞላ ምሥራቁ ይገለጣል። ከግርጌ የገፈርሳ ውሃ ይታያል፤ ግድቡ በ1930ዎቹ ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ የተሠራ ነው። ከዚያ ወዲያ ቡራዩ ከዋና ከተማዋ ጋር ገጥሞ፣ ድንበሩ የት እንደሆነ ሳይለይ ይዘረጋል። ሰበታም በዓለም ገና በኩል እንዲሁ ሆኗል። ከ2015 ዓ.ም ወዲህ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከሌሎች ጎረቤቶቻቸው ጋር በሸገር ከተማ ሥር ሆነዋል፤ ከላይ ሲታይ ግን ከተሞቹ ከዚያ በፊትም ተያይዘው እንደነበር ግልጽ ነው። በደቡብ ዝቋላ ለብቻው ቆሟል።

ሱሉልታ አይታይም። እንጦጦ ጋርዶታል። በዚህ መጋረድ ውስጥ ግን ትልቅ ነገር አለ። በእንጦጦ ጫፍ ላይ የወረደ ዝናብ በአንድ ወገን ወደ ሱሉልታ ሜዳ ከፈሰሰ ሙገርን ይዞ ዓባይ ይገባል፤ ከዚያም ግብፅን አልፎ እስከ ሜዲትራኒያን ባሕር ይደርሳል። በከተማዋ በኩል የወረደው አቃቂን ይዞ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳያይ አፋር ውስጥ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። የወጨጫም ውሃ፣ የሰበታም ሆነ የሆለታ ወንዝ፣ ዕጣው ከአዋሽ ጋር ነው። ደኑ ዝናቡን ይዞ ቀስ እያለ ባይለቀው ከታች ያለው ሕዝብ ክረምት በጎርፍ፣ በጋ በጥም ይቸገር ነበር።

በበጋ ማለዳ ሌላም ነገር ይታያል፤ ደስ አይልም፤ ግን መታየት አለበት። ሌሊት ቀዝቅዞ የከበደው አየር ሜዳው ላይ ይተኛል፤ ሞቅ ያለው አየር ከላይ ይደፍነዋል። የሰበታ ፋብሪካዎች፣ የመኪናውና የየቤቱ ምድጃ ጭስ በዚያ ታፍኖ ግራጫ ሆኖ ከተማው ላይ ተንጣሎ ይታያል። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው ከረፋዱ በኋላ ይበተናል። ታች ያለ ሰው ውስጡ ስለሆነ አይለየውም።

ሲወርዱ ሁለት ምርጫ አለ። ወደ ሱባ የሚመለሰው መንገድ ሌሊት በጨለማ ያለፉትን ደን በብርሃን ያሳያል። ዛፉ ላይ አረንጓዴ ሆና ተቀምጣ ስትበር ክንፏ ሥር ደም የመሰለ ቀይ የምታወጣዋን ወፍ ለማየት ጥሩው ሰዓት ይህ ነው። በሰሜን የሚወርደው ግን ከደኑ ወጥቶ በእርሻና በመንደር መካከል ወደ ሆለታ መንገድ ያደርሳል። የታረሰው መሬት ምን ያህል ሽቅብ እንደወጣና ደኑ የት ላይ እንደቆመ በግልጽ የሚታየው በዚህኛው ነው። ጉልበቱ የቀረው ሰው በዚህ ቢወርድ እመርጣለሁ። መናገሻ ከተማ ሲደርስ ወደ ቡራዩና አሸዋ ሜዳ የሚሄድ ታክሲ ያገኛል።