ተናጋሪና አድማጭ፦ የራዳር፣ የሬዲዮና የጂፒኤስ ትስስር በትንሽ ጀልባ ላይ

ለዓሣ ማጥመጃም ሆነ ለመዝናኛ የተሠራች ትንሽ የባሕር ጀልባ ዛሬ ብዙውን ጊዜ አራት የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎችን ትይዛለች፤ እነርሱም ከሳተላይቶች በሚደርሰው ምልክት የጀልባዋን ስፍራ የሚያሰላው የጂፒኤስ መቀበያ፣ ይህንኑ ስፍራ በባሕር ካርታ ላይ የሚያሳየው ቻርት ፕሎተር፣ በጨለማና በጭጋግ ዙሪያውን የሚቃኘው ራዳር፣ እንዲሁም ከመርከቦችና ከወደብ ጋር የሚያነጋግረው ቪኤችኤፍ ሬዲዮ ናቸው። አራቱም ሳይያያዙ ሊሠሩ ቢችሉም፣ ራዳሩ ሰሜን በየት በኩል እንደሆነ በራሱ አያውቅም፤ ጂፒኤስ ያልተገጠመለት ሬዲዮም የጀልባዋን ስፍራ የሚነግረው ይፈልጋል። በመሆኑም አንዱ ያወቀውን ለሌላው የሚያደርስ ሽቦ የግድ ነው። ሽቦውን መዘርጋቱ ብዙ አያስቸግርም፤ የሚከብደው የትኛው መሣሪያ በየትኛው ምንጭ እንደሚተማመን፣ ምንጩ ሲቋረጥም ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ መለየቱ ነው።

የተለያዩ አምራቾች መሣሪያዎች እርስ በርስ እንዲግባቡ ደንብ ያወጣው በ1957 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተቋቋመው ብሔራዊ የባሕር ኤሌክትሮኒክስ ማኅበር ሲሆን፣ በ1983 ያወጣውና ኤንኤምኢኤ 0183 የተባለው ደንብ ዛሬም በብዙ ጀልባዎች ላይ ያገለግላል። በዚህ ደንብ መሠረት መረጃ የሚልከው መሣሪያ ተናጋሪ፣ የሚቀበለው ደግሞ አድማጭ ይባላል፤ በአንድ ጥንድ ሽቦ ላይ አድማጮች ብዙ ሊሆኑ ሲችሉ ተናጋሪው ግን አንድ ብቻ ነው። መረጃው የሚጓዘው በሰከንድ በ4800 ቢት ፍጥነት ሲሆን፣ በዶላር ምልክት በሚጀምርና ከ82 ምልክት በማይበልጥ አጭር ዓረፍተ ነገር ይላካል። ከእነዚህ መካከል በእጅጉ የሚሠራበት አርኤምሲ የተባለው ዓረፍተ ነገር ሰዓቱን፣ ኬክሮሱንና ኬንትሮሱን፣ ፍጥነቱን፣ የጉዞውን አቅጣጫና ቀኑን በኮማ እየለየ ይዘረዝራል፤ በመጨረሻም አድማጩ ቃሉ በመንገድ ላይ አለመበላሸቱን የሚያጣራባትን ቁጥር ያስከትላል። ከሰዓቱ ቀጥሎ የምትመጣው አንዲት ፊደል ግን ከሁሉ ትልቃለች፤ ይህች ፊደል ኤ ከሆነች መረጃው የታመነ ነው፣ ቪ ከሆነች ግን ተቀባዩ እንዳይመካበት ማስጠንቀቂያ ነው።

ይህን መሰሉን ማስጠንቀቂያ አድማጩ ካላነበበው ምን እንደሚከተል የታየው በትንሽ ጀልባ ሳይሆን በአንዲት ትልቅ የመንገደኞች መርከብ ላይ ነው። ሮያል ማጀስቲ የተባለችው መርከብ 1509 ሰዎች አሳፍራ በሰኔ ወር 1995 እ.ኤ.አ. ከቤርሙዳ ወደ ቦስተን ስታመራ፣ ከተነሳች ብዙም ሳይቆይ የጂፒኤሱ አንቴና ገመድ ከመጋጠሚያው ተላቀቀ። መሣሪያው ከሳተላይቶቹ ሲለያይ ለ1 ሰከንድ ያህል ብቻ ጮኸና የመርከቧን ስፍራ ከፍጥነቷና ከአቅጣጫዋ በግምት ወደ ማስላት ዞረ፤ መለወጡንም በመስኮቱ ላይ በጥቃቅን ፊደላት ከመጻፉ በላይ ለተያያዘው አውቶፓይለት፣ ማለትም ለመርከቧ ራስ ገዝ መሪ፣ መረጃው የማይታመን መሆኑን በየጊዜው ይነግረው ነበር። አውቶፓይለቱ ግን ይህን ምልክት እንዲያነብ ሆኖ አልተዘጋጀም ነበርና ግምቱን እንደ እውነተኛ ስፍራ እየተቀበለ መርከቧን ከ30 ሰዓት በላይ ነዳት። ነፋስና የውኃ ሞገድ በዝግታ ወደ ጎን ሲገፏት ማንም ሳያስተውል፣ ከታሰበው መስመር ወደ 17 የባሕር ማይል ርቃ ከናንቱኬት ደሴት በስተ ምሥራቅ ባለ የአሸዋ ደለል ላይ ተቀመጠች። የተጎዳ ሰው አልነበረም፤ መርከቧ በሌላ ስልት ስፍራን የሚያሰላ ሎራን የተባለ መሣሪያ ይዛ ሳለ የሁለቱን ቁጥር ያነጻጸረ መኮንን አለመኖሩ ግን ያስገርማል።

በትንሽ ጀልባ ላይ ከሁሉ ቀድሞ ሊዘረጋ የሚገባው ከጂፒኤስ ወደ ሬዲዮው የሚሄደው ቀጭን ሽቦ ነው። ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሙሉ በሥራ ላይ በዋለው ዓለም አቀፍ የባሕር አደጋ መልእክት ሥርዓት መሠረት፣ ቪኤችኤፍ ሬዲዮ በድምፅ ከሚደረገው ጥሪ በተጨማሪ በቻናል 70 ላይ ዲጂታል የድረሱልኝ መልእክት ይልካል፤ በቀይ ክዳን የተሸፈነው ቁልፍ ተጭኖ ሲቆይ ሬዲዮው የጀልባዋን ባለ 9 አኃዝ መለያ ቁጥር፣ ስፍራዋንና ሰዓቱን በአንድ አፍታ ያስተላልፋል። ሽቦው ካልተያያዘ ግን መልእክቱ አደጋ መድረሱን እንጂ የት እንደደረሰ አይናገርም። የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጠባቂ ኃይል በ2010 እ.ኤ.አ. ባሰራጨው ማሳሰቢያ፣ ከሚደርሱት ዲጂታል የአደጋ ጥሪዎች ከ10ሩ 9ኙ ያህል ስፍራን ያልያዙ መሆናቸውን ገልጾ ነበር። የገመዶቹ ቀለም ከአምራች አምራች ስለሚለያይ፣ በአንዱ ፋብሪካ ላኪ የሆነው ቀለም በሌላው ተቀባይ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ገጣሚው በቀለም ከመመራት ይልቅ የሁለቱንም መሣሪያዎች መመሪያ ጎን ለጎን ዘርግቶ የአንዱን መላኪያ ከሌላው መቀበያ ጋር ማገናኘት ይኖርበታል።

የራዳር ጉዳይ ከዚህ ይለያል። በትንንሽ ጀልባዎች ላይ የሚተከለው ራዳር ወደ 3 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለውን የሬዲዮ ሞገድ ልኮ ከመርከብ፣ ከድንጋይ ወይም ከባሕር ዳርቻ ተመልሶ እስኪመጣ የሚወስደውን ጊዜ በመለካት ርቀትን ያውቃል፤ አቅጣጫን የሚቆጥረው ግን ከጀልባዋ አፍንጫ ተነሥቶ ነው። ምስሉ በካርታው ላይ በትክክል እንዲነጠፍ አፍንጫዋ ወዴት እንደዞረች የሚናገር ኤሌክትሮኒክ ኮምፓስ ያስፈልጋል፤ አንድ አንቴና ብቻ ያለው ተራ ጂፒኤስ ጀልባዋ ወዴት እየሄደች እንደሆነ እንጂ ወዴት እንደምትመለከት አያውቅምና፣ የውኃ ሞገድ ወደ ጎን በሚገፋበት ቦታ ሁለቱ አቅጣጫዎች ይለያያሉ። ኮምፓሱ በ5 ዲግሪ ቢሳሳት በ6 የባሕር ማይል ርቀት ላይ ያለች መርከብ ከትክክለኛ ስፍራዋ ወደ 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ተዛንፋ ትታያለች። ለዚህ ስሕተት መንስኤው ብዙ ጊዜ ራዳሩ ሳይሆን ከኮምፓሱ አጠገብ የተሰቀለ የሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ነው፤ በውስጡ ያለው ማግኔት ኮምፓሱን ያዛባልና። የራዳሩ ምስል ራሱ ከላይ ለተጠቀሰው ቀርፋፋ ሽቦ እጅግ ስለሚበዛ፣ በዘመናዊ ጀልባዎች ላይ እንደ ኮምፒውተር ኔትወርክ ባለ የራሱ ገመድ ይጓዛል።

አዲሱ ደንብ ኤንኤምኢኤ 2000 በሰከንድ 250,000 ቢት የሚያሳልፍ ሲሆን፣ ለመኪና ከተሠራው የመረጃ መስመር የተቀዳ በመሆኑ ሁሉም መሣሪያዎች በአንድ ዋና ገመድ ላይ ተራ እየጠበቁ እንዲናገሩ ያስችላል። ከዋናው ገመድ ወደየመሣሪያው የሚወርደው ቅርንጫፍ ከ6 ሜትር እንዳይበልጥ፣ በዋናው ገመድ ሁለት ጫፎችም እያንዳንዳቸው 120 ኦም የሆኑ ሁለት መዝጊያዎች እንዲገጠሙ ደንቡ ያዛል። ይህ መስመር ከብዙ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች በተለየ በቀላሉ ይመረመራል፤ ኃይሉ ጠፍቶ በሁለቱ የመረጃ ሽቦዎች መካከል በመለኪያ ሲነበብ 60 ኦም ከሆነ ደኅና ነው፣ 120 ካሳየ አንዱ መዝጊያ ጎድሏል፣ 40 ካሳየ ደግሞ አንድ ሰው ሦስተኛ መዝጊያ ጨምሯል። አሮጌውና አዲሱ ደንብ በቀጥታ ስለማይግባቡ በመካከላቸው አስተርጓሚ ሣጥን ይገባል።

የኃይል መስመሩ ቸል ቢባል ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ ይሆናል። ባለ 25 ዋት ሬዲዮ በሚናገርበት ጊዜ ከ12 ቮልት ባትሪ 5 አምፔር ያህል ይስባል፤ ከመሣሪያዎቹ ጋር የሚጋራው ሽቦ ቀጭን ከሆነ ቮልቴጁ ይወርድና ቻርት ፕሎተሩ ልክ ነጂው ሲናገር ጠፍቶ እንደገና ይነሣል። የሬዲዮው አንቴና ገመድም ቀጭንና ረጅም ከሆነ ኃይሉ ምሰሶው ጫፍ ሳይደርስ ጉልህ ክፍሉ በሙቀት መልክ ይባክናል።

ግንኙነቱ ካለቀ በኋላ ጀልባዋ ከወደብ ሳትለቅ ሊደረግ የሚገባው ፈተና የጂፒኤሱን አንቴና ሆን ብሎ ነቅሎ መጠበቅ ነው፤ የትኛው መስኮት ማስጠንቀቂያ እንዳወጣ፣ የትኛው ዝም እንዳለ፣ ሬዲዮውም የመጨረሻውን ስፍራ ከነሰዓቱ ይዞ መቆየቱ በሥዕል ከተነደፈው የሽቦ ካርታ ጎን ይጻፋል፤ ወረቀቱም በመሪው አጠገብ ባለው መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል።