ስለ ድንች ዘር አዘገጃጀት፤ በጣና ዳርና በደቅ ደሴት ለሚደረግ ሰፊ እርሻ

ለአስተዳዳሪዎች፤ ለእርሻ ባለቤቶችና ለወረዳ ሹማምንት።

ጤፍና ዳጉሳ በደረቅ ጎተራ ዓመት ቢከርሙ ዘርነታቸው አይጠፋም። የድንች ዘር ግን ውኃ የሞላበት ሕያው ነገር ነውና ይተነፍሳል፤ ይጎነቁላል፤ ይበሰብሳል። በሽታም ካደረበት ከነበሽታው ወደ አዲሱ ማሳ ይገባል። ስለዚህ የድንች እርሻ የሚጀመረው በሬ በተጠመደበት ቀን ሳይሆን ዘሩ በተመረጠበት ቀን ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ድንችን ወደ አገራችን ያስገባው ጀርመናዊው የዕፀዋት ሊቅ ጊዮርግ ቪልሄልም ሺምፐር እንደ ሆነና ጊዜውም በፈረንጆች ቁጥር 1858 ዓመት ገደማ እንደ ነበረ ይነገራል። ዛሬ በምዕራብ ጎጃም፤ በአዊና በደቡብ ጎንደር ደጋ የብዙ ቤት ምግብና የገበያ ገንዘብ ሆኗል። ነገር ግን በዘር የሚተላለፍ በሽታ ምን ያህል ጥፋት እንደሚያመጣ የአየርላንድ ሕዝብ መከራ ያስረዳል። በዚያ አገር በፈረንጆች ቁጥር ከ1845 ዓመት ጀምሮ ቅጠሉን አጥቁሮ ፍሬውን የሚያበሰብስ በሽታ ተነሣ፤ የታመመውም ፍሬ በሽታውን ከዓመት ወደ ዓመት አሸጋገረው። በዚሁ ምክንያት በመጣው ራብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ።

በጣና ዳር ከዚህ የተለየ ሌላ ጠላት አለ፤ እርሱም አጠውልግ የሚባለው በሽታ ነው። የሐይቁ ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ሞቃት ስፍራ ስለ ሆነ አጠውልግ ይስማማዋል። ተክሉ ለምለም ሳለ በቀትር ይጠወልጋል፤ ማታ ያገገመ ይመስላል፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ይሞታል። በሽታው በአፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፤ በመስኖ ውኃ፤ በዶማና በእግር ጭቃም ይዛመታል። አንዴ ማሳ ከገባ በኋላ በርጭት የሚነቅለው መድኃኒት የለም።

እዚህ ላይ አንድ የሚያታልል ነገር አለና ልብ ማለት ይገባል። ይህ በሽታ በደጋው ብርድ ይደበቃል። ፍሬው ከውጭ ሲያዩት ጤነኛ፤ ቢቆርጡትም ነጭ ሆኖ ሳለ በሽታው በውስጡ አድሮ ይቆይና ሞቃቱ የሐይቅ ዳር ማሳ ሲደርስ ይገለጣል። ስለዚህ ዘርን በገበያ ላይ በዓይን አይቶ መግዛት አይበቃም፤ ዘሩ የበቀለበትን ማሳ ማወቅ ያስፈልጋል።

ማሳውን የሚመረምር ሰው ከ2400 ሜትር በላይ ባለ ደጋ የተዘራውን መርጦ ተክሉ ሲያብብ ይሂድ። ባለማሳውንም ሦስት ነገር ይጠይቀው። ዘሩን ከወዴት አመጣህ፤ ባለፉት ሦስት ዓመታት በዚህ መሬት ላይ ምን ተዘርቶ ነበር፤ የጠወለገ ተክል አይተህ ታውቃለህን ብሎ። የጠወለገ ተክል ቢገኝ ግንዱን ከሥሩ አጠገብ ቆርጦ ንጹሕ ውኃ በሞላበት ብርጭቆ ውስጥ ማንጠልጠል ነው። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ እንደ ወተት የነጣ ክር ከግንዱ ወደ ታች ከወረደ አጠውልግ ነውና ከዚያ ማሳ አንድ ፍሬ እንኳ ለዘር አይወሰድም። ስለ ዝርያውም ከአዴት እርሻ ምርምር ማዕከል ምክር መጠየቅ ይጠቅማል። ከሆለታ ምርምር ማዕከል በፈረንጆች ቁጥር በ2006 ዓመት የወጣው ጉደኔ፤ በ2009 ዓመት የወጣው በለጠ በገበሬው ዘንድ የታወቁ ናቸው።

ማሳው ከተመረጠ በኋላ ፍሬው ከመቆፈሩ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ቅጠልና ግንዱ ይታጨድ፤ የፍሬው ልጣጭ ጠንክሮ በጉዞ እንዳይላጥ ነው። ሲቆፈርም በዶማ የቆሰለውና የበሰበሰው ይለይ። የዶሮ እንቁላል የሚያህለው ለዘር ይቀመጥ፤ ትልልቁ ለምግብና ለገበያ ይሁን። እጅግ ትንንሹን ለዘር ማስቀረት የቆየ ልማድ ቢሆንም ብዙ ጊዜ ትንሽ ፍሬ የሚያፈራው የደከመው ተክል ነውና ልማዱ ቢቀር ይሻላል።

ዘሩን በጆንያ አጭቆ በጨለማ ቤት ማኖር ወይም በጉድጓድ መቅበር ረጅምና ነጭ ጉንቁል ያወጣበታል፤ ይህም ሲነኩት ይሰበራል። የሚሻለው ብርሃን የሚገባው ጎጆ ነው። ጣራው በሣር ይከደን፤ ግድግዳው ነፋስ እንዲያሳልፍ በባሕር ዛፍ ወይም በቀርከሃ እየተራራቀ ይሠራ። በውስጡ ቆጥ በቆጥ ላይ ይደረደርና ዘሩ በሁለት ወይም በሦስት ድርብ ብቻ ይሰጣበት። ፀሐይ በቀጥታ አይምታው፤ ብርሃን ግን አይጣ። በዚህ አኳኋን የቆየ ዘር አጭር፤ ወፍራምና ጠንካራ ጉንቁል ያወጣል። አስቀድሞ አንድ ጉንቁል ብቻ ከጫፉ ቢወጣ እርሱን በእጅ መስበር ሌሎቹ ዓይኖች እንዲያቆጠቁጡ ያደርጋል። በብርሃን አረንጓዴ የሆነው ድንች መርዝ አለበትና ለሰው ምግብ እንዳይሰጥ ሠራተኞች ይነገራቸው።

የዘሩ ልክ እንዲህ ይታሰባል። በመስመርና በመስመር መካከል 75 ሳንቲ ሜትር፤ በተክልና በተክል መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ቢደረግ አንድ ሄክታር 44 ሺህ ያህል ፍሬ ይፈልጋል። የአንዱ ፍሬ ክብደት 45 ግራም ቢሆን ጠቅላላው 20 ኩንታል ይሆናል። ዘሩ እንዲበረክት ብሎ ፍሬውን እየቆረጡ መትከል ግን አደገኛ ነው፤ አንድ የታመመ ፍሬ የቆረጠ ቢላዋ ቀጥሎ የሚቆርጣቸውን ሁሉ ይበክላልና። ሳይቆረጥ፤ ርዝመቱ ከአንድ እስከ ሁለት ሳንቲ ሜትር የሆነ ብዙ ጉንቁል ያለውን ፍሬ መትከል ይገባል።

ጊዜውም ከኋላ ወደ ፊት ይቈጠር። በመስኖ በታኅሣሥ መጨረሻ ለመትከል የሚያስብ ባለ እርሻ ዘሩን በጥቅምት መጀመሪያ በቆጥ ላይ ማስፈር አለበት፤ ድንች ከተቆፈረ በኋላ እንደ ዝርያው ሁለት ወይም ሦስት ወር ሳያርፍ አይጎነቁልምና። ይህም እንዲሆን ማሳውን በነሐሴ አይቶ መዋዋል ያሻል። በታኅሣሥ ዘር ፍለጋ የሚሮጥ ሰው ገበያ የተረፈውን ይገዛል።

ይህ ሁሉ በየብስ ላሉት ወረዳዎች የሚጠቅም ሲሆን ለደቅ ግን ከሁሉ ይልቅ ያስፈልጋል። ደቅ በውኃ የታጠረ ደሴት ነው፤ በጀልባ ወይም በታንኳ ካልተጫነ በቀር የድንች ዘር በራሱ አይደርስበትም። ይህ ታላቅ ጥበቃ ነው። ነገር ግን አንድ ነጋዴ የታመመ ዘር በጆንያ ቢያራግፍበት የደቅ ገበሬ እንደ የብሱ ሰው ወደ ሌላ መሬት የሚሸሽበት ስፍራ የለውም። በርበሬና ቲማቲምም በዚሁ በሽታ ስለሚያዙ ጉዳቱ ድንች ለተከለው ብቻ አይሆንም።

ስለዚህ የወረዳው ሹም በወደቡ ላይ ሰው ያቁም። ለዘር የሚወርደው ድንች ከየትኛው ማሳ እንደ መጣና ማሳውን ማን እንደ መረመረው ይጠየቅ፤ ይጻፍም። ምንጩ ያልታወቀው ተቀቅሎ ይበላ እንጂ አይተከል። ልጣጩና ብስባሹም ወደ ማሳ ወይም ወደ መስኖ ቦይ አይጣል። ባለ እርሻውም በአንድ መሬት ላይ ድንች ከተከለ በኋላ ቢያንስ ሦስት ዓመት በቆሎ፤ ጤፍ ወይም ዳጉሳ እያፈራረቀ ይዝራ፤ በመካከሉ የሚበቅለውንም ወፍ ዘራሽ ድንች ይንቀል።

በርካሽ ዘር የሚተርፈው ገንዘብ የአንድ ቀን ትርፍ ነው፤ የሚበከለው መሬት ግን ለልጅ የሚተላለፍ ነው። ሹማምንት ይህን ለየቀበሌው ሕዝብ በነሐሴ፤ ማሳ በሚታይበት ወራት፤ እንድታስታውቁ ይሁን።