ለአንድ በሽተኛ ስለሚቀመም መድኃኒት

ክኒን መዋጥ ለማይችል ሕፃን መድኃኒቱን በጥብጦ የሚጠጣ ማድረግ፥ ወይም በፋብሪካው መድኃኒት ውስጥ ያለው ቀለም ለማይስማማው ሰው ያንኑ ያለ ቀለም ማዘጋጀት፥ የመድኃኒት ቀማሚ የቆየ ሥራው ነው። ሐኪሙ የበሽተኛውን ስም ጽፎ ያዝዛል፤ ቀማሚውም ለዚያው ሰው ይቀምማል። ይህ ሥራ እንዲቀር የምንፈልግ አይደለንም። ነገር ግን ለአንድ ሰው የተፈቀደው ያለ ቁጥጥር ለብዙ ሺህ ሰው ሲሆን የሚያስከትለውን፥ በአሜሪካ አገር የደረሰው ነገር ያስረዳልና ለቤተ ሰብ አስተዳዳሪዎች ልንገልጸው ወደድን።

በፈረንጅ አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. በሴፕቴምበር ወር፥ በቴኔሲ ግዛት፥ ለወገብ ሕመም በሰረሰራቸው አጠገብ መርፌ የተወጉ ሰዎች ማጅራት ገትር ያዛቸው። ምክንያቱ ቢመረመር ሻጋታ ሆኖ ተገኘ፤ ሻጋታውም የመጣው በማሳቹሴትስ ግዛት የነበረ ኒው ኢንግላንድ ኮምፓውንዲንግ ሴንተር የተባለ ቀማሚ ቤት ካዘጋጀው መድኃኒት ነበር። ብልቃጦቹ ወደ 23 ግዛቶች ተልከው፥ 14,000 ያህል ሰዎች ተወግተውበታል። ከ750 በላይ ታመሙ፤ ከ60 በላይ ሞቱ።

በኋላ በፍርድ ቤት እንደ ተገለጸው፥ ንጹሕ ሊሆን በሚገባው ክፍል ሻጋታ እየታየ ሥራው አልቆመም፤ የምርመራው ውጤት ሳይመጣም መድኃኒቱ ይላክ ነበር። የጽሕፈት ሰዎች ነንና እኛን ይልቁን ያስደነቀን የወረቀቱ ነገር ነው። ሕጉ የበሽተኛ ስም ስለሚጠይቅ፥ በዓለም የሌለ በሽተኛ ስም፥ እንዲያውም የዝነኞች ሰዎች ስም ሳይቀር ይጻፍ ነበር። መዝገቡን የሚያገላብጥ ተቆጣጣሪ ቢኖር ኖሮ ሐሰቱን በቶሎ ባወቀው ነበር።

የማዕከላዊው መንግሥት የምግብና የመድኃኒት መሥሪያ ቤት አስቀድሞ በ2006 ዓ.ም. ለዚሁ ቤት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፎለት ነበር። ዳሩ ግን ቀማሚዎችን መጠበቅ በይበልጥ የግዛቶቹ ሥራ ስለ ነበረ፥ የሥልጣኑ ድንበር ሳይለይ ዓመታት አለፉ።

በ2013 ዓ.ም. በኖቬምበር አዲስ ሕግ ወጣ። በስም ያልታዘዘ መድኃኒት በብዛት ቀምሞ ለሆስፒታሎች ሊሸጥ የሚወድ ቤት፥ በማዕከላዊው መሥሪያ ቤት ተመዝግቦ እንደ ፋብሪካ ይመረመራል፤ ያልተመዘገበው ግን ሐኪም በስሙ ላዘዘለት ሰው ብቻ ይቀምማል። የዚያ ቀማሚ ቤት አለቃም በ2017 ዓ.ም. በማጭበርበር ወንጀል ተፈርዶበት ታሰረ።

በዚያ አገር የተቀመመ መድኃኒት ዛሬም ቢሆን እንደ ፋብሪካው መድኃኒት አስቀድሞ በመንግሥት ተመርምሮ የጸደቀ አይደለም። ስለዚህ በዚያ የምትኖሩ ለቤተ ሰባችሁ እንዲህ ያለው ሲታዘዝ፥ የፋብሪካው ስለማይስማማ ነው ወይስ ስለ ሌላ ምክንያት ብላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ። በብልቃጡም ላይ የበሽተኛው ስምና መድኃኒቱ የሚያበቃበት ቀን መጻፉን ተመልከቱ፤ ስሙ የሌላ ሰው ከሆነ ለሰጪው መልሱለት።